ልጅ ይዞ ተራራ ላይ ዓሣ ማጥመድ፦ ከሚቸል ሐይቅ መልስ

ይህን የምጽፈው ሰመር ሲመጣ "ልጁን የት ልውሰደው" ብላችሁ ለምትጨነቁ፣ በተለይ ኮሎራዶ ለምትኖሩ እናቶችና አባቶች ነው። አሥር ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ዩቲዩብ ላይ ሰው ዓሣ ሲያጠምድ ሲያይ ከረመ። ከዚያ "ማሚ፣ ተራራ ላይ ያለው ሐይቅ" የሚል ንዝንዝ ጀመረ። አባቱ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው። ስለዚህ ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ። ሄድን፣ ዓሣም ያዝን። ግን በዚያው ቀን ልጄን ከፍታው አሞት ሲያስመልሰው አይቻለሁ፤ በረዶ እየወረደብን፣ ነጎድጓድ እየጮኸብን እጁን ይዤ ቁልቁል ወርጃለሁ። አሁን ሁለታችንም ደህና ነን፣ እሱማ እንደገና ካልሄድን እያለ ነው። እናንተ ግን ሳትደነግጡ ሄዳችሁ እንድትመለሱ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ታንኳ ላይ የተወለደ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኛ ዓሣ ከአጥማጅ ገዝተን ነው የምንበላው። ቆሮሶን ከአምባዛ መለየት፣ ማጽዳት፣ መጥበስ፣ በዚህ አልታማም። መንጠቆ ማሰር ግን የተማርኩት እዚህ አገር፣ ቤተ ክርስቲያን ከማገኛቸው አንድ ጋሼ ነው። ትዕግሥታቸው ይገርማል። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው ለእኔም ለልጄም ደጋግመው አሳዩን። "ክሩ ቀጭን ይሁን፣ መንጠቆው ትንሽ ይሁን፣ ልጁ ዓይን ላይ መነጽር ይሁን" አሉኝ። ሦስተኛዋን በተለይ እንዳትረሱ። አዲስ አጥማጅ ልጅ የማጥመጃ ዘንግ ሲወረውር መንጠቆው የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። የእኛው አንዴ የእኔ ሹራብ እጅጌ ላይ አርፏል። ጋሼ የመንጠቆውን እሾህ፣ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሽ ሹል፣ አስቀድመው በፒንሳ ደፍጥጠውልን ስለነበር ሳብ ሲያደርጉት ወጣ። ሹራብ ባይሆን ጣት ቢሆን ኖሮስ? ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ እሾኋን ደፍጥጧት።

የሄድነው ብሬናርድ ሌክ የሚባለው አካባቢ ነው። ከቦልደር ወደ ተራራው ወጥታችሁ፣ ኔደርላንድን አልፋችሁ፣ ዋርድ ከምትባል ሚጢጢ መንደር አጠገብ ወደ ምዕራብ ትታጠፋላችሁ። ከመኪና ማቆሚያው ሚቸል ሐይቅ ድረስ አንድ ማይል ገደማ ነው፣ 1.6 ኪሎ ሜትር በሉት። ከዚያ በላይ ለመቀጠል ለሚፈልግ ብሉ ሌክ አለ፤ እሱ ከመኪና ማቆሚያው 2.5 ማይል አካባቢ ይርቃል። መንገዱ በጥድ ዛፎች መሃል ያልፋል፣ ጅረት ላይ ድልድይ አለው፣ ዳገቱም ቀስ ያለ ነው። በእግር ለመሄድ የማይከብድ መሆኑ ነው ሰውን የሚያዘናጋው።

ስለ ወረቀቱ ቶሎ ልጨርስ። በሰመር ብሬናርድ በመኪና ለመግባት ቀድሞ በኦንላይን ቦታ ማስያዝ ግድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ልጃችሁ 4ኛ ክፍል ከሆነ መንግሥት ለ4ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ነጻ የፓርክ ፓስ አለ። እስከ ኦገስት 31 ያገለግላል፣ ቦታ ማስያዙን ግን አያስቀርም። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ኮሎራዶ ውስጥ ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልገውም። ለእናንተ ግን ያስፈልጋችኋል፤ ልጅ እያገዙ ዘንግ ሳይጨብጡ መዋል ዘበት ነው። ዓመታዊው ፈቃድ ከማርች 1 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ድረስ ይሠራል፣ የአንድ ቀንም ይሸጣል። ጁን ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ለሁሉም ሰው ያለ ፈቃድ ነጻ ነው። ያኔ ግን ብሬናርድ ገና በረዶ ስለሚሆን እሱን ቀን ለቆላው ሐይቅ ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ዋናው። (ሰዓቱን በሐበሻ ነው የምጽፈው።)

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአውሮራ ወጣን። ልጁ መኪና ውስጥ ተኛ። እኔ ሻዬን በፔርሙዝ ይዤ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። እዚህ ላይ የሐበሻ ወሬ አንድ ነገር አሳስቶኝ ሊሆን ይችል ነበር። "እኛኮ የተራራ ሰዎች ነን፣ ከፍታ ለኛ ምናችን ነው" ይባላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፣ ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ወሬው ከዚያ ይሆናል የመጣው። የእኔ ልጅ ግን አውሮራ ተወልዶ አውሮራ ያደገ ነው። 1,650 ሜትር አካባቢ ላይ ቁርሱን በልቶ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 3,200 ሜትር ላይ ከመኪና ወረደ። የአያቶቹ አገር ደጋ መሆኑ ሳንባውን አያሰፋለትም። እኔም ብሆን ከአገር ከወጣሁ ስንት ዓመቴ! ኔደርላንድ ላይ ግማሽ ሰዓት አቁማችሁ ልጁን አንቁት፣ ውሃ አጠጡት፣ ሽንት ቤት ውሰዱት። ከፍታውን ሙሉ በሙሉ አያስለምድም፤ ልጁ ተኝቶ እያለ በአንድ ትንፋሽ ከመውጣት ግን ይሻላል።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ውሃው ረግቶ ተራራው እንዳለ ይታይበታል። ልጄ ግን አላየውም። ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ኩኪስ ሰጠሁት፣ አልፈልግም አለ። የእኔ ልጅ ኩኪስ አልፈልግም ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። "ምነው አባቴ?" ስለው ግንባሩን በእጁ ያዘ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄዶ ጠዋት የበላውን ሁሉ አስመለሰው።

እናት ናችሁና ታውቁታላችሁ፣ ሆዴ ተላወሰ። ስልክ አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። በዚያ መንገድ አንዲት ሴት ስታልፍ አይታን ቆመች፣ ነርስ ነኝ አለችኝ። ስሙን ጠየቀችው፣ ቀኑን ጠየቀችው፣ ቀጥ ባለ መስመር አራመደችው። ከዚያ ለእኔ በግልጽ ነገረችኝ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከፍታ ላይ የሚያጋጥም ነው። መጀመሪያ የሚደረገው ወደ ላይ አለመቀጠል ነው። አረፍ አድርጊው፣ ውሃ ቀስ በቀስ አጠጪው፣ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ውረዱ። ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ደቂቃም አትጠብቂ፣ ወዲያው ይዘሽው ውረጂ፣ እርዳታም ጥሪ። ይህችን ዝርዝር በቃላችሁ ያዙልኝ። ልጅ "ደክሞኛል" ሲል ስንፍና ነው ብላችሁ "በርታ፣ ወንድ አይደለህ" እንዳትሉት። ብዙዎቻችን ያደግነው እንደዚያ ተብለን ነው፣ እዚያ ከፍታ ላይ ግን አይሠራም።

የብሉ ሌክ ዕቅድ እዚያው ተሰረዘ። ለራሴ ሰዓት ቆረጥኩ፤ በግማሽ ሰዓት ካልተሻለው እንወርዳለን። ጭኔ ላይ ጋደም አለ። ውሃ በክዳኑ እየቀዳሁ አጠጣሁት። ፊቱ ቀስ እያለ መለስ አለ። ከዚያ ተነሥቶ "ማሚ፣ ኩኪሱስ?" ሲለኝ እፎይ አልኩ።

ማጥመዱ ራሱ ያን ያህል ረቂቅ ነገር አይደለም። ጅረቱ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ቆምን። ጋሼ የሰጡን ትንሽ ስፒነር ነበረች፣ ውሃ ውስጥ ስትጎተት የምትሽከረከር ቢጫ ቆርቆሮ ያላት። ልጆች ሁልጊዜ ወደ መሃል፣ ወደ ሩቅ መወርወር ይፈልጋሉ። ዓሣው ግን ብዙ ጊዜ ዳር ነው። ጋሼም ብለውን ነበር። ድንጋዩ ሥር፣ የወደቀ ግንድ አጠገብ፣ ውሃው ከፈዛዛ ቀለም ወደ ጥቁር የሚለወጥበት መስመር ላይ ሞክሩ። ጥላችሁ ውሃው ላይ አይረፍ። ልጁ ድንጋይ ልወርውር ካለ ደግሞ የማጥመጃው ሰዓት አለቀ ማለት ነው፣ አትጨቃጨቁ፣ ይወርውር።

የዘንጉ ጫፍ ሲነቀነቅ ልጄ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ወደ ዳር እየጎተተ አመጣት። ከእጄ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ብሩክ ትራውት የምትባል ዓሣ ናት። ጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ትል የሄደበት የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለው። ጎኗ ላይ ቀይ ነጠብጣቦች፣ ዙሪያቸውን ሰማያዊ ክብ። የሆዷ ክንፎች ጠርዝ በነጭ ኖራ የተሠመረ ነው። ይህን ነጭ ጠርዝ ለልጃችሁ አሳዩት፣ ምክንያቱም የሚለየው በእሱ ነው። ብሩክ ትራውት ለኮሎራዶ መጤ ናት፣ ከምሥራቅ አሜሪካ ነው የመጣችው። የአገሩ ተወላጅ ከትስሮት የሚባለው ሲሆን አገጩ ሥር ቀይ ወይም ብርቱካንማ መስመር አለው። ያን ካያችሁ እጃችሁን አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት። በደረቅ እጅ ከያዛችሁት የቆዳው ልጋግ ይነሣል፣ ዓሣውም ይጎዳል። የምታስቀሩትም ቢሆን የትራውት ገደብ ባጠቃላይ በቀን 4 ነው፣ ለትናንሽ ብሩክ ትራውት ተጨማሪ ይፈቀዳል። እያንዳንዱ ሐይቅ የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል ግን መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ።

አሁን ስለ ነጎድጓዱ። ይህ ነው ዋናው ነገሬ።

ኮሎራዶ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚነግራችሁ "ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ውረዱ" ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ እውነትም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። እኛ ላይ ግን የመጣው አምስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። እንዲህ ያለ ሐይቅ ሌላም ጉድ አለው። ተራራው የቆመው በምዕራብ በኩል ነው፣ አየሩም የሚመጣው ከምዕራብ ነው። ስለዚህ ደመናው ከተራራው ጀርባ ሲከማች አይታያችሁም። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ድንገት ከጫፉ ጥቁር ነገር ብቅ ይላል። ብቅ ሲል ቀርቧል ማለት ነው።

ከቤት ሳንወጣ ከልጄ ጋር የተዋዋልነው ነገር ነበር። ነጎድጓድ ከሰማን፣ አንዴም ቢሆን፣ ዓሣ መንጠቆ ላይ ቢሆንም፣ ዘንጉ ይወርዳል፣ እኛም እንወርዳለን። መኪና ውስጥም ደግሜ አስብዬዋለሁ። እሱም እየሳቀ ደግሞልኛል። የመጀመሪያው ጉርምርምታ ሲሰማ ሁለተኛ ዓሣ ስፒነሯን እየተከተለች ነበር፣ በዓይናችን እናያታለን። ልጄ አየኝ። "አንድ ጊዜ ብቻ ማሚ፣ በናትሽ።" ዓይኑ እንባ ሞላ። ላሳዝነው አልፈለግሁም፣ ግን ያን ጊዜ ማስረዳት ብጀምር እዚያው እንቀር ነበር። "ምን ተባብለን ነበር?" ብቻ አልኩት። አፍንጫውን እየሳበ ክሩን ጠቀለለ። ይህ ውል ቤት ባይገባ ኖሮ ሐይቁ ዳር ልጅ ማሳመን አልችልም ነበር። ዓሣ እያየ ያለ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ መብረቅ አይሰማም። ስለዚህ ቤት ተዋዋሉ፣ ራሱ በአፉ ይበለው።

የዛሬ ዘንጎች ብዙዎቹ ከካርቦን የተሠሩ ናቸው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ሁለት ቦታ ነቅለን ቦርሳው ላይ በአግድም አሰርነው። ገና ድልድዩ ጋ ሳንደርስ ሽምብራ የሚያህል በረዶ መውረድ ጀመረ። ባርኔጣ ላይ ሲያርፍ ጠጠር ነው። መብረቁ ብልጭ ሲል ድምፁ ወዲያው ይከተላል፣ መሃሉ ላይ እስትንፋስ መውሰጃ የለም። ልጄ እጄን ጨምድዶ ይዞ "ማሚ እንሞታለን?" አለኝ። "መኪናችን ቅርብ ነው፣ እግርህን እያየህ ሂድ" አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

በኋላ ሳነብ የተረዳሁት፣ የነጎድጓዱ ድምፅ ጆሯችሁ ከገባ መብረቁም ሊደርስባችሁ የሚችል ርቀት ላይ ነው። ደህና ቦታ የሚባለው ጣሪያና ግድግዳ ያለው ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ገላጣ ቦታና የውሃ ዳርም እንደዚያው። መኪና ጋ መድረስ ካልተቻለ ቁመታቸው ተቀራራቢ የሆኑ አጠር ያሉ ዛፎች መሃል መሆን ይሻላል። ተራርቃችሁ ሁኑም ይላሉ፣ አንድ መብረቅ ሁለታችሁን እንዳይመታ። ልጁ እየተንቀጠቀጠ እጇን የያዛት እናት ይህን ትችል እንደሆነ እናንተው ፍረዱ፣ እኔ አልቻልኩም። ደህና ቦታ ከደረሳችሁ በኋላ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ እንዳትወጡ።

መኪናው ጋ ስንደርስ የዝናብ ካፖርቱ ላዩን አድኖታል፣ ጂንሱ ግን እስከ ጉልበቱ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ተራራ ላይ ሙቀቱ እንዴት ባንዴ እንደሚወርድ ያላየ አያምንም፣ ኦገስት ነበርኮ። ደግነቱ መኪናው ውስጥ ጋቢ ነበር። እርጥቡን ሁሉ አወለቅሁለት፣ ጋቢ ውስጥ ጠቀለልኩት፣ ማሞቂያውን ለኮስኩ፣ በፔርሙዝ የቀረ ሻይም አጠጣሁት። ለልጅ ጂንስ አታልብሱ። ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ፣ ሁለት ካልሲ፣ የዝናብ ልብስ ከላይም ከታችም ይኑረው። መኪና ውስጥ ደግሞ ሙሉ ደረቅ ቅያሪ አስቀምጡ።

ሙስ ስለሚባለው፣ ከፈረስ ስለሚተልቀው የአጋዘን ዘር አውሬም አንድ ነገር ልበል። ብሬናርድ አካባቢ ብዙ ነው። እኛም ስንወጣ ጥጃ ያላት አንዷን መንገዱ ዳር አይተናል። ላም አይደለችም። ልጅ ፎቶ ላንሣ ብሎ እንዳይጠጋ አጥብቃችሁ ያዙት። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈችና የአንገቷ ፀጉር ከቆመ ወደ ኋላ በሉ፣ ከመጣች ሩጡና ትልቅ ዛፍ ከለላ አድርጉ። ድብ ከሆነ ግን አይሮጥም። ይህን ልዩነት ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ብትጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጅ ጋር የሚሄድ ሰው በቀጥታ 3,200 ሜትር ላይ አይጀምር። ኤቨርግሪን ሐይቅ አለ፣ 2,150 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሱቁም ቅርብ ነው፣ ልጁ ዘንግ መወርወሩን እዚያ ይልመድ። ከፍታው እንዴት እንደሚያደርገውም እዚያ ታያላችሁ። ተራራውን ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ አድርጉት። ነጎድጓዱ ቀነስ ይላል፣ ትንኙም ያልቃል። ስልክ ስለማይሠራ የት እንደሄዳችሁና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው በጽሑፍ ላኩ። እኔ ለባለቤቴ ልኬ ነበር። ሥራ ቦታ ሆኖ ሰዓቱን ሲቆጥር ዋለ አሉ።

ጾም ላይ ለምትሄዱ ደግሞ፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ነው፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸው የሚጾሙት እሱን ነው። ባዶ ሆድ ይዞ እዚያ ከፍታ መውጣት ግን ለልጅ አይሆንም፣ ከፍልሰታ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከእኔ አትጠይቁ፣ ንስሐ አባታችሁ አሉላችሁ።

ዓሣዋን በበረዶ ሳጥን ይዘን መጣን። ትራውት እንደ ቆሮሶ ቅርፊት በመፋቅ አያለፋም፣ ቅርፊቱ ደቃቅ ስለሆነ ሆዱን ከፍቶ ማጠብ ይበቃል። ጎኗን በቢላ ጫር ጫር አድርጌ፣ ጨውና ሎሚ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ዱቄት ላይ ገልበጥ፣ ከዚያ የጋለ ዘይት። ሚጥሚጣውን ለብቻው በሳህን አቀረብኩ፣ ሥጋዋ ስስ ስለሆነ ቅመም ቶሎ ይውጣታል። ሦስት ሰው አትበቃም፣ ልጁ ግን እኩል ካልተካፈልን ብሎ አባቱን እስከ ምሽት አስጠበቀን።